ከመንገድ ዳር የመጣ ጭቃ

ቡሩል ላሟን አልባ ባልዲውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ላሟን ከመንደሩ መንጋ ጋር እስክትቀላቀል ድረስ እስከ መንገዱ ጫፍ ነዳቻት። ስትመለስ እናቷ ሳልታናት ሻዩን ቀድታ፣ ወተት ጨምራ፣ የአፕሪኮት ማርማላታ አቅርባ ጠበቀቻት። ዳቦው የሱቅ ነው፤ ጠንክሯል። አሮጌው ታንዱር በበረዶው ወራት ውርጭ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወዲህ በቤታቸው ዳቦ ተጋግሮ አያውቅም።

አዲሱ ታንዱር ግቢው መሃል ቆሟል። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ፣ ቁመቱ እስከ ቡሩል ወገብ የሚደርስ የጭቃ ምድጃ ነው። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው አሮጌ የበግ ጠጉር ምንጣፍ አልብሰውታል። ነገ ዘመድ በተሰበሰበበት ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ይነድበታል። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው የሚጋገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዳቦዎች በአባቷ ስም ለሰባት ቤት ይታደላሉ። በሳምንቱ ደግሞ ሙት ዓመቱ ነው።

«ዛሬ የእናንተን ክፍል ወደ ሐይቁ መንገድ አወጣችኋለሁ፤» አለች እናቷ፣ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። «ፀሐይ አለ፤ ኮፍያሽን አትርሺ።»

«የት ጋ?»

«ገደሉ ጋ። መንገድ ሲሠሩ የቆረጡት።»

ቡሩል ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክራ እዚያው ረሳችው። ስታወጣው ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ስኒው ውስጥ ቀረ።

እናቷ ከአንድ ወር በፊት አካፋውንና የእጅ ጋሪውን ሰጥታት ነበር። «ከአባትሽ ጉድጓድ አምጪ፤» ብላ፣ ሌላ አንድ ቃል ሳትጨምር። ጉድጓዱ ከመንደሩ በላይ፣ ወንዙን ይዘው ሲወጡ ከቀያዮቹ ኮረብቶች ሥር ነው። አባቷ ባይሽ በሕይወት ሳለ የመንደሩ ሰው ሁሉ ታንዱር ሲያሠራ ጭቃውን ከዚያ የሚያመጣው እሱ ነበር። ቡሩልም ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሪው ላይ ተቀምጣ ትሄድ ነበር፤ ስትሄድ ባዶው ጋሪ ላይ፣ ስትመለስ ጭቃው ላይ።

ያን ቀን ከጓደኛዋ ከጃይና ጋር ጋሪውን እየገፉ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ቡሩል ቆመች። ወደ ላይ የሚያወጣውን መንገድ አየችው። እግሯ አልንቀሳቀስ አላት። ጃይና ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀችም። የጋሪውን አፍ ወደ ሐይቁ አዞረች።

«ጭቃ ጭቃ ነው አቦ፤» አለች። «ከመንገድ ዳር ሞልቷል።»

ታንዱር ሠሪዋ ጎረቤታቸው ኩሙሽካን ነበሩ። ጭቃውን በጣቶቻቸው መሃል አሽተው፣ አሽትተው፣ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ፈዘዝ አለብኝ። ከባይሽ ጉድጓድ ነው?»

ቡሩል አፏን ከመክፈቷ በፊት ጃይና «አዎ፣ ከታችኛው ወለሉ ነው እትዬ!» አለች። ኩሙሽካን ሌላ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ዘጉት። የሟች ጉድጓድ አይታማም። የፍየል ጠጉሩን ጨምረው፣ ጨው በተበጠበጠበት ውሃ እያራሱ ማቡካት ጀመሩ።

ዛሬ ክፍሉ የመጣበት ገደል ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ነው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ከሁሉም የበዛው ግን ወደ ቢጫ የሚያደላ ግራጫ። ከፊቱ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ኢሲክ ኩል ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል።

«የቆማችሁበት ሁሉ አንድ ጊዜ የሐይቁ ወለል ነበር፤» አለች ሳልታናት።

«ታዲያ ምን አይቶ ሸሸ እትዬ?» አለ ኡላን። በክፍሉ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚናገር እሱ ብቻ ነው። «የመንደራችንን ሠርግ ዘፈን ሰምቶ ነው?»

«ያንተን ድምፅ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ተራራውን አልፎ ይሄድ ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። ሳልታናት አልሳቀችም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀልድ መናገሩን አልተወችም፣ መሳቁን ነው የተወችው። በእንጨት ቀዩን መስመር ነካችው።

«ይሄ ከተራራው የመጣ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ይደፈርስና የተሸከመውን ሁሉ እዚህ ያራግፋል። ጠጠሩን ሐይቁ መግቢያ ላይ ይጥለዋል፣ አሸዋውን አለፍ ብሎ፣ ድቃቁን ጭቃ ግን ሐይቁ መሃል ድረስ ይዞት ይገባል። ነጩንስ ማን አመጣው?»

«ነፋስ?» አለች አንዷ።

«ማንም አላመጣውም። ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የኖረ ኖራ ነው። ወንዙ ዝም ባለባቸው ዓመታት ፀሐይ ውሃውን ስታሞቀው፣ ኖራው እንደ ዱቄት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ታዲያ አብዛኛው ለምን ቀይም ነጭም አይደለም?» አለ ኡላን። ይሄኛው ቀልድ አልነበረም።

ሳልታናት ወደ ግራጫው ተጠጋች። «ተራ የሚጠብቅ ስለሌለ ነዋ። ወንዙ ጭቃውን ሲያመጣ ሐይቁም ኖራውን እየጣለ ነው። ቀንድ አውጣው እዚያው ይኖራል፤ እዚያው ይሞታል፤ ቅርፊቱ ይቀራል። ሣሩም፣ ትንኙም፣ ነፋስ ያመጣው አቧራም ሁሉም አብሮ ይወርዳል። ከላይ ሌላ ይጫነዋል፤ በዚያ ላይ ሌላ። አብሮ የወረደውን በኋላ ለይቼ ላውጣ ቢሉት አይሆንም።»

ከቦርሳዋ ኮምጣጤ አውጥታ ግራጫው ላይ ጠብ አደረገች። ጭቃው እስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ልጆቹ እየተጋፉ ቀረቡ።

«ኧረ ተናደደ!» አለ ኡላን። «ለምን ይጠቅማል ግን?»

«ለግድግዳ ልስን ይሆናል። እሳት ለሚነካው ነገር ግን አይሆንም። ውስጡ ያለው ኖራና ቅርፊት በእሳት ይቃጠላል። በኋላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲያብጥ የያዘውን ሸክላ ፈንቅሎ ይወጣል።»

«እንደ ፈንዲሻ!»

«እንደ ፈንዲሻ፤» አለች ሳልታናት።

ቡሩል ወደ ጃይና አላየችም። ጃይናም ወደ እሷ አላየችም። ሳልታናት ገደሉን ይዛ ጥቂት ሄደችና በቅርብ የተቆፈረበት ቦታ ላይ ቆመች። የተቆረጠውን ፊት በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «እንመለስ፤ ፀሐዩ በረታ፤» አለች።

«ሰማሽ?» አለች ቡሩል፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ።

«ሰማሁ። ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ይፈነዳል እኮ።»

«ይፈነዳል አላለችም። ፈንዲሻ ያለው ያ ቀሽም ነው።» ጃይና ቦርሳዋን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች። «ስሚኝ፣ አታካብጂ። ምናልባት ትንሽ ይላጥ ይሆናል። ያኔ ‹ጭቃው ነው›፣ ‹ብርዱ ነው› ይባላል፤ አለቀ። አሁን ብትናገሪ ግን ሁላችንም ጉድ ሆንን። እትዬ ኩሙሽካን እኔን በአካፋ ነው የሚሉኝ። እናትሽስ? ነገ ዘመዶቻችሁ መጥተው ምን ሊሏት ነው? ‹የባልሽን ሰባት ዳቦ መጋገር አቃተሽ?›»

«ውሸቱን የዋሸሽው ለእኔ ብለሽ ነው። አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አታበላሺው።»

ቡሩል ቤት ስትደርስ ከበረቱ ጀርባ የተረፈውን ጭቃ ፈለገች። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አንድ እፍኝ ሰብራ፣ በውሃ አላቁጣ፣ እንቁላል የሚያክል አድርጋ አድበለበለችው። ስታሸው ጣቷን አንድ ነገር ወጋት። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ጫፍ ነው፤ ከስንዴ ፍሬ ያነሰ፣ ጠመዝማዛው ግን አንድም አልተሰበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጣ ለእናቷ ታሳያት ነበር።

ድቡልቡሉን እሳት ዳር አድርቃ የድንጋይ ከሰሉ ፍም ውስጥ ከተተችው። ምሳ በላች። ሳህን አጠበች። ፍሙ ሊከስም ሲል በጉጠት አውጥታ በረንዳው ላይ አቀዘቀዘችውና፣ ሴቶች ዳቦ ከመለጠፋቸው በፊት ታንዱሩን እንደሚረጩት የጨው ውሃ ረጨችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ ድንች መላጥ ጀመረች።

ባልዲው እስኪጋመስ ምንም አልሆነም። ጃይና ልክ ሳትሆን አትቀርም ብላ ማሰብ ጀመረች። እንዲህ በማሰቧ ልቧ ቀለል አለ። ያኔ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ጥፍር የሚነከስ ያህል ትንሽ ድምፅ። ከድቡልቡሉ ላይ ስስ ቅርፊት ተነስታ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ከሥሯ የነበረው ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጠቅ አለ። እንደገናም።

ቡሩል ቢላዋውን አስቀመጠች። ሰባቱ ቤቶች አንድ በአንድ ፊቷ ድቅን አሉ። ጥጉ ላይ ካለው ቤት ያሉት ሽማግሌ ሁለት ጥርስ ነው የቀራቸው፤ የተላጠ ቅርፊት ዳቦው ላይ ተጣብቆ ቢደርሳቸውስ? ቢስሚላህ ብለው፣ የአባቷን ስም ጠርተው፣ ዱዓ አድርገው ይቆርሳሉ።

ሳልታናት ለሙት ዓመቱ ከጎረቤት የተሰበሰቡትን የሻይ ስኒዎች በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ቡሩል የተላጠውን ድቡልቡል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ጭቃው ከአባዬ ጉድጓድ አይደለም። ከመንገድ ዳር ነው። በጃይና እንዳትፈርጂ፤ መሄድ ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

እናቷ ያንኑ ስኒ መወልወሏን ቀጠለች። ስኒው ከደረቀ ቆይቷል።

«አካፋችን ጫፉ ላይ ተሸርፏል፤» አለች በመጨረሻ። «የቆረጠበት ቦታ ሁሉ ሰንበር ይተዋል። ዛሬ ገደሉ ላይ አየሁት።»

«አወቅሽ? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ?» ሳልታናት ስኒውን ከሌሎቹ ጋር ደፋችው። «አጎትሽ በመኪና ሄጄ ላምጣልሽ ብሎኝ ነበር። ‹አይሆንም፣ እኔው ራሴ እሄዳለሁ› አልኩት። ከዚያ አካፋውን ባነሳሁ ቁጥር ያልታረመ ደብተር ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ደብተሩ አለቀብኝ። ያን ቀን አካፋውን ለአንቺ ሰጠሁሽ።»

ከጠረጴዛው ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሁለቱም ድቡልቡሉን አዩት።

«እንግዲህ ነገ ሰው ይመጣል፤» አለች እናቷ።

«ለእትዬ ኩሙሽካን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

ቡሩል ድቡልቡሉን ከጠረጴዛው አነሳች። «አይ። አንቺ ካለሽ አይቆጡኝም።»

ኩሙሽካን አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ሱፍ እያፍታቱ ነበር። ቡሩል ቆማ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ምንም ሳታሳንስ ነገረቻቸው። ሱፉ ከጉልበታቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ስሚ አንቺ ልጅ! ሆዱ ውስጥ ገብቼ ግድግዳውን ስዳብስ ቆይቼ ሁለት ሰው ነው ጎትቶ ያወጣኝ! ወገቤ እስካሁን ቀጥ አላለም!»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«አታውቂም! አርባ ዓመት ጭቃ ያቦካ ወገብ ከየት ታውቂዋለሽ!» ተነሱ፤ መልሰው ተቀመጡ። «ደግሞ ቀለሙን አይቼዋለሁ። በእጄም ይዤዋለሁ። የሟች ጉድጓድ እንዴት ይታማል ብዬ አፌን ዘጋሁ። የእኔ ነገር!»

ያኔ ጃይና በአጥሩ በር ብቅ አለች። ምን ያህል እንደሰማች አይታወቅም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

«‹ከታችኛው ወለሉ ነው› ያልኩት እኔ ነኝ፤» አለች።

«አንቺማ! የአንቺ ምላስ ራሱ ታንዱር ነው፤ ሳይበስል የሚወጣ ነገር የለውም!» ኩሙሽካን ሱፉን ከመሬት አነሱና አራገፉት። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «ለሙት ዓመቱ አይደርስም። አዲስ ቢሠራ ለመድረቅ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። ሰባቱን ዳቦ በድስት በዘይት እንጠብሳለን። የእንግዳው በእኔና በማዶዎቹ ታንዱር ይጋገር። ሰው ከጠየቀ እኔ እመልሳለሁ።»

«ምን ብለው?» አለች ቡሩል።

«‹ልጅቱ አፈረሰችው› ብዬ ነዋ! ሌላ ምን ልበል? ሄደሽ አፍርሺው!»

በማግስቱ ጠዋት ዘመዶች ሻይ እየጠጡ፣ ግማሾቹ እያጉረመረሙ፣ አንዷ አክስትም «ምን ነበረበት? ልጅ ያለው ሁሉ ይሰማል እንዴ?» እያለች፣ ቡሩል ምንጣፉን ከታንዱሩ ላይ ገፈፈችው። ዶማውን አንስታ መታችው። ጭቃው ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም፤ የፍየሉ ጠጉር ጨምድዶ ይዞታል። ደግማ መታችው። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ነዘራት።

«አያችሁ ሥራዬን?» ብለው ጮኹ ኩሙሽካን ከበረንዳው፣ ለዘመዶቿ ሁሉ እንዲሰማ። «እንዲህ ነው እንጂ መሥራት! ምቺ፣ ምቺ፣ አትራሪለት!»

አክስትየዋ ሳትፈልግ ሳቀች። ጃይና ሌላ ዶማ ይዛ መጣች። ጠዋቱ ሳያልፍ ታንዱሩ ክምር አፈር ሆነ፤ አፈሩንም ለበረቱ ግድግዳ ልስን ይሆናል ብለው ከበረቱ ጎን ቆለሉት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳልታናት ጋሪውን ከጥጉ አወጣች። አካፋውን ጫነችበት። ኮምጣጤውን ኪሷ ከተተች። ቡሩልና ጃይና ሳይጠሩ ተከተሏት።

መንታው መንገድ ጋ ሲደርሱ ቡሩል እግሯ ሲያዘግም ታወቃት። የእናቷም እንደዚያው ነበር። ከኋላ የምትገፋው ጃይና ጋሪው ከብዷት «ኧረ ዳገት አደረጋችሁት እንዴ? ግፉ እንጂ!» አለች። ገፉ።

ጉድጓዱን መጀመሪያ ያየችው ቡሩል ናት፤ ደግሞም አላየችውም። ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ሜዳ ሆኗል። በበረዶው መቅለጫ ወንዙ ሞልቶ ገብቶበታል፤ ውሃው ተኝቶበት ከርሞ፣ ኋላ ደርቆ፣ ወለሉ እንደ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ሳልታናት ተንበርክካ በአካፋው ጫፍ ቆረጠችው። ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ፣ ከዚያ ቀይ ጭቃ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነጭ፣ እንደገና ቀይ ከነጭ ጋር የተዛነቀ። መሃሉ ላይ የፖፕላር ዛፍ ጥጥና የጢንዚዛ ክንፍ አለ።

«በአንድ ዓመት ይሄ ሁሉ?» አለች ጃይና።

«በአንድ የበረዶ መቅለጫ፤» አለች ሳልታናት። ጣቷ ነጩ መስመር ላይ ቆየ። «እዚህ ጋ ውሃው ብዙ ቀን ረግቶ ነበር፤ ነፋስ አልነበረም።»

ቡሩል ወደ ማዶው ጠርዝ ተሻገረች። እዚያ ውሃው ያልደረሰበት የቀዩ ኮረብታ ግድግዳ አለ። በአካፋው አንድ ጉማጅ ቆረጠችና ለእናቷ ዘረጋችላት። ሳልታናት ኮምጣጤውን ጠብ አደረገች። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ጭቃው ጠብታዋን ጠጥቶ ዝም አለ።

«ዝም አለ!» አለች ጃይና፣ ራሷ ዝም ማለት አቅቷት።

ሳልታናት ፈገግ አለች። ወዲያው ወደ ጋሪው ዞረች፤ ቡሩል ግን አይታታለች።

ግድግዳው ከፍ ያለ ነው። ጭቃውን ለማውረድ መቆሚያ ያስፈልጋል። ቡሩል አካፋውን በእግሯ ረግጣ አስገባችና አንድ መርገጫ ቆረጠች፤ ረግጣ ለካችው፤ ከፍ ብላ ሌላውን ጀመረች። አባቷ ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ የቆረጣቸው ደረጃዎች በስተግራ፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ነበሩ። አሁን ወንዙ ያመጣው ሞልቶባቸው የሉም።